«ጥቁር» የሚለውን ቃል ከማተምሽ በፊት

ዞር አትበይ፤ እየሠራሽ ስሚኝ። ከኋላሽ የቆምኩት ልቆጣጠርሽ ብዬ አይደለም፤ በዚህ ቤት ንፋስ የሚገባው በዚህ በር ብቻ ስለሆነ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግን ያቺኑ ሥዕል በስልክሽ ላይ ስታሳድጊና ስታሳንሺ አይቼሻለሁ። የተጨበጠ እጅ፣ የአፍሪካ ካርታ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ጥቁር ነኝ፣ እኮራለሁ»። ቲሸርቱም ራሱ ጥቁር።

ያምራል፤ እጅሽ ይባረክ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በሚያዝያ፣ ሽንፋ ላይ፣ ጥቁር ቲሸርት ማን ይለብሳል?

ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም ስቄ ነው የመጣሁት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወር፣ ዶሮዋ እንኳ አፏን ከፍታ ከጋሪ ሥር በምትጋደምበት ሰዓት፣ ደረቱ ላይ ላስቲክ የተለጠፈበት ጥቁር ናይለን የሚለብስ ሰው ካለ ወይ ታሟል ወይ የገዛ ወንድምሽ ነው።

የዚህ ሀገር ሰው በልብስ ጉዳይ ሞኝ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ነጭ ጀለቢያ የሚለብሱት ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሰፊ ነው፣ ንፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ይመልሳል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደውም የቀን ሠራተኛ በዚያ ሙቀት እጀ ረጅም ሸሚዙን የማያወልቀው ክንዱን ስለሚያሳዝነው ነው። ስለዚህ ጨርቁን ጥጥ አድርጊው። ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ ተቀምጠን ላብ የማይመጥ ጨርቅ ከባሕር ማዶ እየጠበቅን ስለ ማንነት ማውራታችን ያሳፍራል። ቀለሙን ያልተነከረ የጥጥ ነጭ፣ ጽሑፉን ጥቁር ብታደርጊው ምን ይልሻል? ከብብት ሥር ደርበሽ ስፊው፤ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው። ህትመቱን ደግሞ ለሰው ከመስጠትሽ በፊት አሥሬ እጠቢው፣ አሥሬ ፀሐይ ላይ አስጪው። ላስቲኩ መላጥ ሲጀምር ከወዲያኛው ጫፍ ነው የሚነሳው። «እኮራለሁ» ካልሽበት ላይ «ራለሁ»ው ሄዶ «እኮ» ብቻ ይቀርልሻል። ያኔ ደረትሽ ላይ «ጥቁር ነኝ እኮ» ብሎ የሚከራከር ጽሑፍ ይዘሽ ትዞሪያለሽ።

ስለ ጨርቁ ይኼ ይበቃል፤ በስፌት ከእኔ ትበልጫለሽ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቃሉ ነው።

«ጥቁር» ሁለት ፊት አለው። አንዱን ፊት አዲስ አበባ ላይ የካቲት 23 ቀን ታይዋለሽ፤ አደባባዩ በአድዋ ቲሸርት ይሞላል። ቴዲ አፍሮም በ2004 ዓ.ም. አልበሙን «ጥቁር ሰው» ብሎ ሲሰይመው ቃሉ ዘውድ ደፋ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን ሰምተው ከጃማይካ እስከ ሃርለም ቀና ያሉ ሰዎች ነበሩ። ጋና እንደ ፈረንጆቹ በ1957 ነጻ ስትወጣ ሰንደቋን በእኛው ቀለሞች ሠርታ መሐሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አኖረችበት። ይኼ ሁሉ እውነት ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል።

ሌላው ፊት እዚሁ ቤታችን ውስጥ ነው። አራስ ጥየቃ ስንሄድ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት ምኑን ነው? የጆሮውን ጫፍ። ወደፊት የሚይዘው መልክ ከዚያ ይታወቃል ይላሉ። ጆሮው ጠቆር ካለ ዝም ይባላል፤ ከዚያ አንዷ «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይቀላል» ትላታለች እናቲቱን፤ ልጁ የታመመ ይመስል። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም እያልን እንደ መሰላል እንወርድና መጨረሻው እርከን ላይ ስንደርስ አፋችን ይያዛል። «ጠይም» የምትባለው ግማሿ ጥቁር ናት፤ ስሙን ለመጥራት ስለምንፈራ ነው በጠይም የምናሳልፋት። አንቺንም እኔንም ጨምሮ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርጌን ፎቶ ታውቂዋለሽ። ያን ቀን አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ ከጓሮ ድንኳኑ ሥር ከረሜላ ስትለቅሚ ነው የዋልሽው። ሜካፕ የሠራችኝ ሴት ስሟ ይቅርና፣ ገና ስታየኝ «አይዞሽ፣ አስተካክልሻለሁ» አለችኝ። ምኔ እንደተበላሸ አልነገረችኝም። ከመልኬ ሦስት ደረጃ የቀላ ዱቄት ከግንባሬ እስከ አገጬ መረገችኝ፤ አገጬ ሥር እንደ ወሰን የሚሮጥ መስመር ቀረ። ፎቶ አንሺውም በኮምፒውተሩ ይበልጥ አበራው። እጄን ግን ሁለቱም ረሱት። ሂናው ላይ ሲያተኩሩ መልኩን አልነኩትም። ፎቶውን ጠጋ ብለሽ ካየሽው ሁለት ሴት ናት ያለችው፤ አንዷ ፊቷን አውጥታለች፣ ሌላዋ እጇን ብቻ። እማዬ ለእንግዳ ስታሳይ «ያን ቀን እንዴት ቀልታ ነበር» ትላለች። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ አንዴም አላወረድኩትም። ይኸውልሽ፣ እኔው ነኝ እንግዲህ ደንበኛሽ። ካርታና ጡጫ የማያድነኝ ደንበኛ።

«ሰቅዬ እሸጥልሻለሁ» ያለሽን ባለሱቅ ደግሞ አስቢው። ደግ ሰው ነው፣ አልጠላውም። ግን ቲሸርትሽ የሚሰቀልበትን ሚስማር አይተሻል? ከሥሩ ያለው መደርደሪያ ሙሉ ማንጫ ክሬም ነው። ከላይ «ጥቁር ነኝ፣ እኮራለሁ»፣ ከታች በሁለት ሳምንት የምታቀላ ቱቦ። ከእነዚያ ቱቦዎች ውስጥ ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ባለሱቁን «ክሬሙን አውርድ» ልትዪው አትችዪም፤ እንጀራው ነው። የራስሽን ዕቃ ግን እዚያ አለመስቀል ትችያለሽ። ከእኔ በር ላይ ስቀዪው። ሰው ያንሰዋል፣ ግን አያስዋሽም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። መቀሱን አስቀምጪው።

ከ«ጥቁር» የባሰ ቃል እንዳለ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ አልደግመውም። በመተማና በቋራ ከእኛ በፊትም ከእኛም ጋር የኖሩትን ጉሙዞች ሰው ሲጠራበት የሰማነው ቃል ነው፤ ልጆች ሆነን እኛም ብለነዋል። ቃሉ ከየት መጣ ካልሽ ሩቅ አትሂጂ። በ19ኛው መቶ ዘመን መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ቡና ይሸጥባት ነበር፣ ሰም ይሸጥባት ነበር፣ ሰውም ይሸጥባት ነበር። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። አያታችን ያኔ ተወልደው ነበር። እንግዲህ የዚያ ገበያ ቃል ከሰው አፍ ወርዶ ለማለቅ ጊዜ አላገኘም። እና አንቺ በዚህች መሬት ላይ «ጥቁር ነኝ፣ እኮራለሁ» ብለሽ ስታትሚ ቃሉን ከአድዋ እንደ ስጦታ ትቀበይዋለሽ፤ ያቺ በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክሟን አንጠልጥላ ገበያ የምትገባው የጉሙዝ ልጅ ግን ቃሉን የምታውቀው እንደ ድንጋይ ሲወረወርባት ነው።

አታትሚ ማለቴ አይደለም። ማን እንደሚለብሰው አስቀድመሽ አስቢ ነው የምልሽ። ማስታወቂያሽን ስትሠሪ የምታስቆሚያቸው ልጆች እነማን ናቸው? ስልክሽ ላይ ያየኋቸው ሦስቱም ጸጉራቸው የተተኮሰ፣ መልካቸው ቀይ ዳማ፣ ፎቷቸውም በማብሪያ የተጠበሰ ነው። ስለ ጥቁርነት የሚያወራ ልብስ በሦስት ቀይ ልጅ! እኔ አላሳዘንኩሽም፤ ፎቶው ነው ያሳዘነሽ።

ይኼን ነገር አሜሪካ ያሉት ቀድመውን ገብቷቸዋል። እንደ ፈረንጆቹ በጥር 28 ቀን 1962 ሃርለም ውስጥ ክዋሜ ብራትዌይት የተባለ ፎቶ አንሺና ወንድሙ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የፋሽን ትርኢት አዘጋጁ። ያን ጊዜ በመጽሔት ላይ ጥቁር ሴት ብትታይም መልኳ የቀላ፣ ጸጉሯ በእሳት የተዘረጋ ነበረች። እነሱ ያቆሟቸው ሴቶች ግን ጠቆር ያሉ፣ ጸጉራቸውን እንደበቀለ የተዉ ነበሩ። ግራንዳሳ ሞዴልስ ይባሉ ነበር፤ የሙያ ሞዴሎች አልነበሩም፣ የሰፈር ልጆች ናቸው። «ጥቁር ውብ ነው» የሚለው አባባል በዓለም ከመናኘቱ በፊት እነሱ መድረክ ላይ ቆመው አሳይተውት ነበር። ልብ በይ፣ ሰውን የያዘው ልብሱ ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደቆመበት ነው። አንቺም ከገበያችን መጀመር ትችያለሽ። ጠይቀሽ፣ ከፍለሽ፣ ፎቶውን ሳታበሪ። ፎቶውን ስታነሺ ግድግዳው ነጭ አይሁን፣ ካሜራው ፊቷን ያጨልመዋል፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ የጭቃ ግድግዳ ፊት አቁሚያት። ያኔ ጥቁረቷ እንዴት እንደሚያበራ ታያለሽ።

ስለ ጉሙዞቹ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀድሜ ስለማውቅሽ። የሴቶቹ ገላ ላይ ያለው የመተልተል ጌጥ አስጎምጅቶሻል፤ ደብተርሽ ላይ ገልብጠሽዋል፣ አይቻለሁ። ሳትጠይቂ እጀታ ላይ እንዳታትሚው። የሰው ገላ ላይ በደም የተጻፈን ነገር ወስዶ በቲሸርት መሸጥ እነዚያ የድሮ ነጋዴዎች ከሠሩት ብዙም አይርቅም። ካማረሽ ሂጂና ከባለቤቶቹ ጋር ተቀመጪ፤ የቱ ለጌጥ የቱ ለሌላ እንደሆነ ይንገሩሽ፣ ፈቃድ ይስጡሽ፣ ድርሻ ይኑራቸው። እምቢ ካሉም እምቢ ብለዋል።

ወንዶቹም አይቀሩልሽም። ልብስ ነገር ማውራት የጀመረ ቀን ሁሉም ዳኛ ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሴት ተማሪዎች የፋሽን ትርኢት ሲያሳዩ፣ ያን ዘመን ስለ ነጻነት ከማንም በላይ የሚያወሩት ወንድ ተማሪዎች «የባህል ወረራ ነው» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ሴቶቹን አዋከቡ። ስለ ወረራው ተሳስተዋል አልልም፤ የተዋከበችው ግን ወራሪዋ ሳትሆን የገዛ እህታቸው ናት። የአንቺንም ልብስ ለብሳ የምትወጣዋን ልጅ እንዲህ የሚያዋክብ አይጠፋም። እንግዲህ ልብሱን ስትለኪ ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ለመንገድም ለኪው፤ ውኃ ስትቀዳ፣ ባጃጅ ስትሳፈር፣ ጎንበስ ስትል።

ካርታሽን እንይ። አፍሪካን ሙሉ አንድ ቀለም ቀባሻት፤ ጥሩ። ግን ከቤታችን ትንሽ ሄድ ብትዪ መተማ ዮሐንስ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ወደቁ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ሄደ። በዚያ ሜዳ ላይ ነጭ አልነበረም፤ ጥቁር ከጥቁር ነው የተላለቀው። የሚገርምሽ ከጦርነቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ንጉሡ ለሱዳን ማኅዲስቶች የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ መልእክት ልከው ነበር፤ የጋራ ጠላታችን አውሮፓውያን ናቸው፣ እርስ በርስ ድሀ አናስጨርስ የሚል። የመጣላቸው መልስ ስድብ ነበር። ለአድዋ የሚታተመው ቲሸርት በሺህ ነው፤ ያ ሳይደመጥ የቀረ ደብዳቤ ግን አንድም ደረት አላገኘም። ለእኛ ለድንበር ሰዎች የሚቀርበን ግን እሱ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ማዶ ያሉት አሁን ወዲህ ናቸው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከፈነዳ ጀምሮ በመተማ በኩል ስንት ቤተሰብ ሻንጣ እየጎተተ እንደገባ አብረን አይተናል። ከመካከላቸው ስፌት የሚችሉ ሴቶች አሉ። አራት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነውን ቶብ ያለ ቁልፍ፣ ያለ መርፌ ገላቸው ላይ ጠቅልለው ልጅ አዝለው የሚሄዱ። በ2011 ዓ.ም. ካርቱም ላይ መኪና ጣሪያ ላይ ቆማ እጇን ወደ ሰማይ ያነሳችውን ልጅ ፎቶ ታስታውሺያለሽ? አላ ሳላህ ትባላለች። ነጭ ቶብ ነበር የለበሰችው። ያን ልብስ እናቷም አያቷም ለብሰውታል፤ ደረቱ ላይ አንድም ፊደል አልነበረበትም፤ ዓለም ግን አነበበው። ረዳት ስትፈልጊ ከእነዚያ ሴቶች አንዷን ጥሪ። የምትከፍያትን ግን ለእኔ እንደምትከፍዪው አድርጊ፤ «ስደተኛ ናት ትችለዋለች» የምትዪኝ ከሆነ ቲሸርቱን ከነመፈክሩ መልሺው።

ስልክሽ ላይ ያለው ሌላው ሐሳብ፣ ያ አንገቱ ላይ በቀለማት ያበደ «የአፍሪካ ጨርቅ» የምትዪው፣ ደስ ይላል። ታሪኩን ግን እወቂ። ሆላንድ ውስጥ ሄልሞንድ በምትባል ከተማ ያለ ፍሊስኮ የሚባል ፋብሪካ እንደ ፈረንጆቹ ከ1846 ጀምሮ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሐሳቡም መጀመሪያ ከጃቫ የተወሰደ ነው። ምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ስም እያወጡለት የራሳቸው አደረጉት፤ ስለዚህ ውሸት ነው አልልሽም። ያንቺ ግን አይደለም። ጥጡ ከደጃፍሽ፣ ሸማኔው ጎንደር እያለልሽ ማንነትሽን ከሄልሞንድ ታስጭኛለሽ?

ሀገራችን ውስጥ ይኼን መንገድ የሄዱ አሉ። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን ስትጀምር ሐሳቡን ከሩቅ አላመጣችም፤ ድሀ የሚጫማውን ከመኪና ጎማ የሚቆረጠውን በረባሶ ነው ያነሳችው። ሰው የሚያፍርበትን ጫማ ነው ያነሳችው፤ አስቢው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ጨመረችበት፣ አሳመረችው፣ ባሕር ማዶ ሱቅ ከፈተችበት። ሊያ ከበደም ሞዴል ሆና ዓለምን ስትዞር ኖራ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ለምለምን ያቋቋመችው ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሙያቸው ሲከስም ስላየች ነው። ሁለቱም ደረት ላይ «እኮራለሁ» አላሉም። የሚያኮራውን ነገር በደንብ ሠሩት፤ የለበሰው ሰው ራሱ ይበለው ብለው።

አንቺ የምትወጂው ደግሞ ያ የኒውዮርኩ ዴይመንድ ጆን ነው። እሺ፣ እሱንም ልስማ። እንደ ፈረንጆቹ በ1992 ኩዊንስ ውስጥ እቤቱ ኮፍያ እየሰፋ መንገድ ላይ ሸጠ፤ ፉቡ የሚለውን ስም «ለእኛ፣ በእኛ» ከሚል አወጣው፤ እናቱ ቤታቸውን አስይዘው 100 ሺህ ዶላር ተበደሩለት። ደስ ይላል። የእማዬን ቤት ግን እንዳትነኪ። ለእሱ የሠራለት ሁሉ ለእኛ አይሠራም፤ የአሜሪካ ባንክና የእኛ አበዳሪ አንድ አይደሉም። ከእሱ የምትወስጂው ኮፍያውን ነው፤ ብዙ ሳያደርግ፣ አንዲት ነገር በደንብ ሰፍቶ፣ ሸጦ፣ በሸጠው ሌላ መስፋቱን።

እስቲ ደብተርሽን ስጪኝ። ሥዕሉን ሳይሆን ያንን የሒሳቡን። ባዶ ነው አይደል? አውቄ ነበር። እንበል ጨርቁና ክሩ 350 ብር ወጣ። ህትመቱ 120። ለምትሰፋልሽ ልጅ 100። ከጎንደር የጭነቱ ለአንዱ 30 ደረሰ። 600 ሆነ። በ650 ሸጠሽ 50 አተረፍኩ ትያለሽ። አሁን ከአሥሩ አንዱ ተበላሸብሽ እንበል፤ አንገቱ ጠመመ፣ ቀለሙ ፈሰሰ። የዚያን 600 ብር የቀሩት ዘጠኙ ይሸከሙታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ከ66 ብር በላይ። ትርፍ ያልሽው 50 የት ገባ? ከኪስሽ 16 ብር ጨምረሽ ሰውን እያለበስሽ ነው። መብራት ጠፍቶ የተቀመጥሽበትን ቀን ገና አልቆጠርኩትም። እና አትርከሺ። ርካሽ ልብስ ከሱዳንም ከቻይናም ይመጣል፤ በርካሽነት አታሸንፊያቸውም።

መቼ እንደምትሸጪም አስቢ። ክረምት ላይ ሰው እጁ ላይ ያለው አረም እንጂ ብር አይደለም። የሰሊጡ ገንዘብ ኅዳር ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ጥር ደግሞ ሠርግ ነው። ዕቃሽ ጥቅምት ላይ ተሰፍቶ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ መጠበቅ አለበት። ለዘመድ በነጻ አትስጪ። ይኼን ሁለቴ እላለሁ፤ ለዘመድ በነጻ አትስጪ። አጎታችን መጀመሪያ «ለእኔም አንድ» ይልሻል፣ ከዚያ «ለልጆቼም»። በነጻ የወሰደ ሰው መኪና ያጥብበታል።

ስሙ ላይ ነው የቀረነው። አንቺ በእንግሊዝኛ የጻፍሽው ስም መጥፎ አይደለም፣ ግን እናታችን ልትጠራው አልቻለችም፤ ደንበኛሽ አፉን ገልብጦ እንዲጠራሽ አታስገድጂው። እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ አትሳቂ። ዋልካ በዪው።

ሳቅሽ እኮ! እስቲ አስቢው። በዚህ ሀገር ጥቁር ሆኖ ማንም የማይሰድበው አንድ ነገር አለ፤ አፈሩ። «ጥቁር አፈር አለው» ሲባል መሬቱ ተወደሰ ማለት ነው። ሰሊጡም፣ ጥጡም፣ ማሽላውም ከእሱ ነው። በክረምት ጫማሽን ይዞ አይለቅሽም፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግን እሱን ንቆ ነጭ አፈር የተመኘ ገበሬ አላየሁም። ዋልካ ብለሽ ብትጽፊበት ማንንም አትሰብኪም፤ ሰው ግን ይገባዋል። አያቶቹም ይገባቸዋል፣ የሱዳኗም ስታስረጂያት ይገባታል። ስሙን ከወደድሽው ሌላ ሳይቀድምሽ አስመዝግቢው። የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 ነው፤ የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ አንዴ ከተመዘገበ ሰባት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሰው ስሙን ካስወደድሽው በኋላ መሯሯጥ ጭንቀት ነው።

ምልክቱንም አስቤልሻለሁ። ጡጫውን ተዪው፤ ብዙ ሰው ይዞታል። ሽንፋ ወንዝ ዳር አጥኚዎች ሲቆፍሩ ያገኙትን ሰምተሻል? ሽንፋ-መተማ 1 ብለውታል ቦታውን፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ሰዎች ነበሩ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የበረረው በዓይን የማይታይ ብርጭቆ እዚህ ወርዶ አፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። ያ ዘመን ሲደርቅ ሰዎቹ አላለቁም፤ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን እየተከተሉ ዓሣውን አጠመዱ። ዛሬም በበጋ ሽንፋ የሚሆነው እንደዚያው አይደል? ካገኟቸው ድንጋዮች ውስጥ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አሉ፤ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል። ያቺን ሦስት ማዕዘን በጥቁር ክር፣ ከጥፍር ባልበለጠ መጠን፣ አንገትጌው ጀርባ ላይ ጥለፊያት። «አያቶቻችን ናቸው» ብለሽ ግን አትጻፊ። የጉሙዙም፣ የእኛም፣ የማዶውም፣ ምናልባትም የፈረንጁም አያት ናቸው፤ ለብቻችን የሚሆን ኩራት ከዚያ ድንጋይ ላይ አይወጣም።

የ«እኮራለሁ»ውን ሥዕል አትደልዢው፣ ደብተርሽ ውስጥ ይቆይ። አንድ ቀን ያቺ ልጅ ራሷ መጥታ «እሱን አትሚልኝ» ካለችሽ ያኔ አትሚላት።

በይ አሁን ዞር በዪ። ሜትሩን አምጪ። ደረት፣ ትከሻ፣ እጄ እስከ አንጓ። እጀ ረጅም ይሁን፣ ብብቱ ሥር ድርብ። የመጀመሪያው የእኔ ነው። ስትጨርሺ በማለዳ፣ ጓሮ፣ የጭቃው ግድግዳ ፊት ፎቶ ታነሺኛለሽ፤ የሠርጌ ፎቶ ሚስማር ላይ እሱ ይሰቀላል። ቀብድ 300 ብር እዚህ አስቀምጫለሁ፤ ቀሪውን ስረከብ። ደረሰኝ ጻፊልኝ።